የኒው ጀርሲው ባቡርና የመቃብሩ ድንጋይ

ጥያቄ፦ «ከታላቅ ወንድሜ ጋር ወራት ያስቆጠረ ክርክር ይዘናል። በዶክተር ሁ ተከታታይ ድራማ የዶክተሩ የጉዞ ባልደረቦች የሆኑት ባልና ሚስት ኤሚና ሮሪ ወደ ቀደመው ዘመን ኒው ዮርክ ተወስደው ከቀሩ በኋላ ዶክተሩ ዳግመኛ ሊያገኛቸው እንደማይችል ይነገረናል። ጊዜን እንደ ሜዳ የሚያቋርጥ መርከብ ያለው ሰው ኒው ዮርክ ማረፍ ቢያቅተው ኒው ጀርሲ አርፎ በባቡር መሻገር ምን ይከለክለዋል? እነርሱስ ከከተማው ወጥተው ሌላ ቦታ ለምን አይጠብቁትም? ወንድሜ ‹ቋሚ ነጥብ ነው፤ አበቃ› ይለኛል። እኔ ግን ደራሲው ሳይጨርስ የተወው ሴራ ነው እላለሁ፤ ለኋለኛዋ ባልደረባው ለክላራ ሲል የጊዜን ሕግ ሁሉ የጣሰ ሰው እነዚህን እንዴት ይተዋል? ማናችን ነን ልክ?»

ምላሽ፦

ክርክሩ ያልበረደው ሁለታችሁም ለተለያየ ጥያቄ መልስ እየሰጣችሁ ስለሆነ ነው። እርስዎ የሚጠይቁት ዶክተሩ ወደዚያ ዘመንና ቦታ መድረስ ይችላል ወይ የሚለውን ነው፤ ወንድምዎ የሚመልሱት ግን ቢደርስስ የተጻፈውን መለወጥ ይችላል ወይ ለሚለው ነው። ክፍሉ ራሱ ሁለቱን ነገሮች በለቅሶና በጥድፊያ መካከል አደባልቆ ስለሚናገራቸው መምታታታቸው አይገርምም፤ ነገር ግን ሳይነጣጠሉ ማንም ለማንም ሊያስረዳ አይችልም።

ክፍሉን ላላዩ ወይም ለረሱ አንባቢዎች ነገሩ እንዲህ ነው። ስቲቨን ሞፋት የጻፈው «ዘ ኤንጅልስ ቴክ ማንሃተን» በቢቢሲ የተላለፈው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 29 ቀን 2012 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አልቃሾቹ መላእክት ሰው ሲያያቸው ድንጋይ ሆነው የሚቆሙ፣ ዓይን ሲነሣላቸው ግን በቅጽበት የሚንቀሳቀሱ ፍጡራን ናቸው፤ የነኩትን ሰው ወደ ቀደመ ዘመን ይወረውሩትና በራሱ ዘመን ሳይኖረው የቀረውን ዕድሜ ይመገባሉ። በ1938ቱ ኒው ዮርክ አንድ ሕንጻ ይዘው ሰዎችን እያጎሩ ሲመገቡ፣ ሮሪ በዚያ ሕንጻ ውስጥ አርጅቶ ሲሞት የገዛ ራሱን ያያል። እርሱና ኤሚ ከጣሪያው አብረው ይዘላሉ፤ በወጣትነቱ የሞተ ሰው እዚያው አርጅቶ ሊሞት ስለማይችል የተፈጠረው አያዎ መላእክቱን ያጠፋል፤ ሁለቱም በ2012 በአንድ የመቃብር ስፍራ በሕይወት ይነቃሉ። አንድ መልአክ ግን ተርፏል። ሮሪ የራሱ ስም የተቀረጸበትን የመቃብር ድንጋይ እያነበበ ሳለ ይወስደዋል፤ ኤሚም ባሏን ለመከተል ዓይኗን ከመልአኩ ላይ ሆን ብላ ታነሣለች። እርሷ ከሄደች በኋላ በዚያው ድንጋይ ላይ የእርሷም ስም ይታያል፤ ሮሪ በ82፣ ኤሚ በ87 ዓመታቸው አርፈዋል።

መድረስን በተመለከተ እርስዎ ልክ ነዎት። የዶክተሩ የጊዜ መርከብ ታርዲስ መጀመሪያ ወደ 1938ቱ ኒው ዮርክ መግባት ያቃታት መላእክቱ በከተማይቱ ዙሪያ ጊዜን ስላወኩት ነው፤ የገባችውም የኤሚና የሮሪ ልጅ የሆነችው የጊዜ ተጓዥ ሪቨር ሶንግ ከወዲያ ምልክት ስላበራችላት ብቻ ነው። ከዝላዩ በኋላ ሁከቱ ባሰ፤ ዶክተሩም መርከቢቱን ወደዚያ ሊመልሳት እንደማይችል ተናገረ። የተጠቀሰው እንቅፋት ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የኒው ጀርሲው ሐሳብ ያፈርሰው ነበር። በሃድሰን ወንዝ ሥር የሚያልፈው የሆላንድ ዋሻ በ1927 ተከፍቷል፤ የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ በ1931 ለመኪና ክፍት ሆኗል፤ የባቡር መተላለፊያዎቹ ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማሉ። ከዚህም የሚበልጠው ነገር ሮሪ 82 ዓመት መኖሩ ነው፤ በወጣትነቱ የተወሰደ ሰው ከፊቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ነበረው ማለት ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ባልና ሚስቱ አንድ ቀን ቦስተን ወርደው ቢጠብቁት ከክፍሉ ውስጥ የሚከለክላቸው ቃል አላገኘሁም። ሪቨር ከታርዲስ ይልቅ ቀላል በሆነ የእጅ መሣሪያ በዚያ ሁከት ውስጥ ስትመላለስ አይተናል፤ ይህን ታሪክ የጻፈችበትን መጽሐፍ ለኤሚ ልካ እንደምታሳትመውና ለዶክተሩ የመጨረሻ ቃል እንድትጽፍለት እንደምትነግራትም ራሷ ትናገራለች። መንገዱ አልተዘጋም፤ ቢያንስ ለደብዳቤ ክፍት ነበር።

ሳይቀረጽ ቀርቶ በሥዕል በቀረበው ቀጣይ ትዕይንትም ያው ነገር ተደግሟል። በ1946 የወሰዱት የማደጎ ልጃቸው አንተኒ አርጅቶ በሮሪ አባት ደጃፍ ላይ ደብዳቤ ይዞ ይቆማል። ይህን የጻፈው ክሪስ ቺብናል ነው፤ በቴሌቪዥን ስላልተላለፈ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ድጋፍ ብቻ ሊያዝ ይገባል።

አሁን ወደ ወንድምዎ ቃል። «ቋሚ ነጥብ» በዚህ ተከታታይ ውስጥ የራሱ ትርጉም ያለው ነገር ነው፤ አንድ ገጸ ባሕርይ ሊመለስ በማይችልበት ቦታ ሁሉ የሚለጠፍ ማኅተም አይደለም። በ2008 በፖምፔ፣ በ2009 ደግሞ በ«ዘ ዋተርስ ኦፍ ማርስ» ውስጥ የምናየው ቋሚ ነጥብ የብዙ ሰው ዕጣ የተንጠለጠለበት ታላቅ ክንውን ነው፤ ዶክተሩም በተፈጥሮው ያውቀዋል፤ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። በማርስ ላይ አድሌድ ብሩክን ከሞት ባወጣት ጊዜ እንኳ እርሷ በራሷ እጅ ሕይወቷን አጠፋች፤ የሞቷ ቦታና ሁኔታ ተለወጠ እንጂ መሞቷ አልተለወጠም። የኤሚና የሮሪ ኑሮ ይህን የመሰለ የዓለም ምሰሶ ነው የሚል ቃል ክፍሉ ውስጥ የለም። ያለው ቃል ሌላ ነው፤ ዶክተሩ ኤሚን የሚያስጠነቅቃት የምትፈጽመው ድርጊት ጊዜውን ቋሚ እንደሚያደርገው ነው። ወንድምዎ ቃሉን በትክክል ሰምተዋል፤ የተሳሳቱት ከየት እንደመጣ ሲተረጉሙት ነው።

የመጣው ከማንበብ ነው። የክፍሉ ሕግ ከመጀመሪያው ደቂቃዎች አንሥቶ ተነግሮናል፤ የሚመጣውን አስቀድመህ ካወቅህ ያወቅኸው ይጸናል። ኤሚ ከሪቨር መጽሐፍ ላይ አንዲት መስመር ስታነብ ዶክተሩ ይቆጣል፤ ምክንያቱም የተነበበው ነገር ከዚያ በኋላ መፈጸሙ ስለማይቀር ነው። ሪቨር መልአኩ የያዘውን እጇን ለማላቀቅ አንጓዋን መስበር የነበረባት ሌላ መንገድ ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን እንደሚሰበር ስለተነበበ ነው። ይህች ትንሽ ትዕይንት የመላው ክፍል ቁልፍ ናት፤ ብዙ ተከራካሪዎች ግን እንደ ጌጥ ቆጥረዋት ያልፏታል። ደራሲው ሕጉን በተሰበረ አንጓ ያሳየን በኋላ በድንጋይ ላይ ሲያመጣው እንድናውቀው ነው። የመቃብሩ ድንጋይም የመጽሐፉ ሌላ ገጽ ነው። ዶክተሩ አንብቦታል።

ይህ ሕግ በ2012 የተፈለሰፈ አይደለም። መላእክቱ መጀመሪያ በታዩበት በ2007ቱ «ብሊንክ» ቢሊ ሺፕተን የተባለው መርማሪ ወደ 1969 ይወረወርና እዚያ ዶክተሩን ያገኘዋል። ዶክተሩ መርከቡን ካስመለሰ በኋላ ሊመልሰው በቻለ ነበር፤ ግን ሳሊ ስፓሮው ቢሊን በእርጅናው፣ በሞተበት ቀን፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ አይታዋለች። የታየ ሽማግሌ ወጣት ሆኖ ሊመለስ አይችልም፤ ቢሊም ዓመታቱን አንድ በአንድ ኖሮ ደረሰ። ያን ጊዜ ማንም የሴራ ክፍተት ነው ብሎ አልጮኸም። ሰው የሚጮኸው የሚወደው ገጸ ባሕርይ ሲወሰድበት ነው፤ ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ነገር ግን ሕጉ በቢሊ ላይ ልክ ከነበረ በሮሪም ላይ ልክ ነው።

«ይችላል» እና «ያደርጋል» የሚሉትን ቃላት መለየትም እዚህ ላይ ይረዳል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሉዊስ በ1976 ስለ ጊዜ ጉዞ አያዎች ባሳተመው ጽሑፍ አያቱን ሊገድል ወደ ኋላ የሄደ ሰው ጠመንጃው ደኅና፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ዒላማውም ቅርብ እስከሆነ ድረስ «ይችላል» ልንል እንደምንችል ያስረዳል፤ አያቱ በዚያ ቀን እንዳልሞተ የሚያስታውሰውን እውነታ ከቆጠርን ግን «አይችልም»። ልዩነቱ ከሰውየው ጉልበት ሳይሆን የትኞቹን እውነታዎች አብረን እንደምንቆጥር ነው። እርስዎ ድልድዩን፣ ዋሻውንና ባቡሩን ቆጥረው ይችላል ይላሉ፤ ወንድምዎ ድንጋዩን ቆጥረው አይችልም ይላሉ። ሁለታችሁም በዚህ ስሌት አልተሳሳታችሁም። ይህን ስል ግን ተከታታዩ የሉዊስን ፍልስፍና ወይም የአንጻራዊነትን ሳይንስ ይከተላል ማለቴ አይደለም፤ ሳይንስና ምትሃት የተቀየጡበት ድርሰት ስለሆነ የፊዚክስ መጽሐፍ ይዞ መሟገት ክርክሩን ከማርዘም በቀር አይፈታውም።

ድንጋዩ ምን ያህል ይከለክላል የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ለወንድምዎ ማለፊያ የማልሰጣቸውም እዚህ ላይ ነው። ድንጋዩ የሚናገረው ሁለት ሰዎች በእነዚህ ዕድሜዎች ሞተው በኒው ዮርክ መቀበራቸውን ነው። በመካከል ማን እንደጎበኛቸው፣ የት እንደተጓዙ፣ ከማን ጋር እራት እንደበሉ አይናገርም። ያው ደራሲ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2011፣ ዶክተሩ በሐይቅ ዳር ሲሞት በቋሚ ነጥብነት አሳይቶን ሳለ የሞተው በሰው አምሳል የተሠራ መሣሪያ፣ ዶክተሩም በውስጡ በሕይወት ያለ እንደነበር ገልጦልናል። መዝገቡ ሳይነካ እውነቱ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ያስተማረን እርሱ ራሱ ነው። በዚህም ላይ ድንጋዩ በዓይናችን ፊት ሲለወጥ አይተናል፤ ኤሚ ከመሄዷ በፊት የሌለ ስም ከሄደች በኋላ ተጨምሮበታል። እንግዲህ የታወቀው አይፋቅም እንጂ ይጨመርበታል። ጉብኝት ጭማሪ ነው፤ ፍቀት አይደለም። ስለዚህ ዶክተሩ ሊወስዳቸውና ወደ 2012 ሊመልሳቸው አለመቻሉ በሕጉ የተረጋገጠ ሲሆን ሊያያቸው አለመቻሉ ግን ከዚህ ሕግ አይወጣም።

ሊያያቸው አለመቻሉን የሚሸከመው ሦስተኛው ምክንያት ብቻ ነው፤ እርሱም አያዎው ያቆሰለው ጊዜ ነው። ከጣሪያው የተደረገው ዝላይ የሆነውን ነገር እንዳልሆነ አድርጎ የመላእክቱን ምንጭ መርዟል፤ ዶክተሩ ሌላ አያዎ ቢታከል ከተማይቱ ትቀደዳለች ይላል። ሞፋት ከስርጭቱ በኋላ ሲጠየቅ የሰጠው ማብራሪያም በዚህ ዙሪያ ነበር፤ በሌላ ሁኔታ ቢሆን ዶክተሩ ለድንጋዩ መላ ሊያበጅለት ይችል እንደነበርና እዚህ ግን በእነዚህ ሰዎች የጊዜ መስመር ላይ የተደራረበው ጠባሳ እንደማይፈቅድ ገልጿል። ይህን ከተቀበልን ቁስሉ ያለው በከተማይቱ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ሰዎች ሕይወትም ላይ ነው፤ ቦስተን ቢወርዱም አብሯቸው ይሄዳል፤ የኒው ጀርሲው ባቡርም ዋጋ ያጣል። እኔ ይህን ማብራሪያ አጥጋቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቅሬታዬ በክፍሉ ውስጥ አለመነገሩ ነው። «ቁስሉ ያለው በእናንተ ላይ ነው፤ የትም ብትሄዱ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በመቃብሩ ስፍራ ተነግሮ ቢሆን ይህ ሁሉ ክርክር ባልኖረ ነበር። ደራሲ ከድርሰቱ ውጭ የሚናገረው ቃል ሐሳቡን ለመረዳት ይጠቅማል፤ ተመልካቹ ያልሰማውን ግን እንደሰማ ሊያስቆጥርበት አይችልም።

ስለዚህ እርስዎ «ሳይጨርስ የተወው ሴራ» ያሉት በከፊል እውነት ነው፤ ሆኖም የሴራ ክፍተት ብለው አይጥሩት። ክፍተት የሚባለው ድርሰቱ ራሱ ያቆመውን ሕግ ራሱ ሲያፈርስ ነው። እዚህ የፈረሰ ሕግ የለም፤ የተጠቀሰ ነገር ግን በደንብ ያልተደገፈ ሕግ ነው ያለው። እውነተኛ ክፍተት ማየት ከፈለጉ በዚያው ክፍል ውስጥ የነጻነት ሐውልት መልአክ ሆና ወደ ሕንጻው ስትመጣ ይመልከቱ። መላእክት በሚታዩበት ጊዜ አይንቀሳቀሱም። ከእግር እስከ ችቦ ጫፍ 46 ሜትር ያህል የምትረዝም፣ በወደብ መካከል በደሴት ላይ የቆመች፣ ከመርከብና ከሁለቱም ዳርቻ ሌሊቱን ሙሉ የምትታይ ሐውልት በከተማው መካከል አንድም ዓይን ሳያርፍባት እንዴት ትራመዳለች? በ2010 የመልአክ ምስል ራሱ መልአክ ይሆናል መባሉን ጠቅሰው የሚከላከሉላት አሉ፤ ይህ መልአክ እንዴት እንደሆነች ይገልጽ ይሆናል እንጂ እንዴት ሳትታይ እንደተራመደች አይገልጽም። ለዚህ መከላከያ የለኝም፤ ሊኖርም የሚችል አይመስለኝም።

የክላራ ጉዳይ ግን እርስዎ እንዳሰቡት አይደግፍዎትም። በ2015ቱ «ሄል ቤንት» ዶክተሩ የገዛ ወገኖቹ በሆኑት በጊዜ ጌቶቹ መሣሪያ ክላራን ከሞቷ በፊት ባለው የመጨረሻ የልብ ምት ላይ ያወጣታል፤ ነገር ግን ሞቷን አልሰረዘውም። ልቧ አይመታም፤ ወደሞተችበት ቦታ መመለስ አለባት፤ የተፈቀደላት መንገዱን ማርዘም ብቻ ነው። ያም ቢሆን ድርጊቱ አጽናፈ ዓለሙን ለአደጋ ያጋለጠ ጥፋት ሆኖ ነው የቀረበው፤ ዶክተሩም በመጨረሻ የእርሷን መልክና ድምፅ ከልቡ አጥቶ ይከፍልበታል። በተጨማሪም ያን መሣሪያ ያገኘው የትውልድ ፕላኔቱ ጋሊፍሬይ ደርሶ ነው፤ በ2012ቱ ክፍል ጊዜ ግን ጋሊፍሬይ እንደጠፋች ነበር የሚያውቀው። ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም።

ደራሲው በሩን ለምን እንዲህ ሊቆልፍ ፈለገ ለሚለው መልሱ ከዕደ ጥበቡ የሚመነጭ ነው። የጊዜ መርከብ ባለበት ድርሰት ውስጥ ማንም ተሰናባች «ብቅ ብሎ ለምን አይጠይቀውም?» ከሚለው ጥያቄ አያመልጥም፤ ስለዚህ አንድ ተዋናይ ሥራውን በለቀቀ ቁጥር ደራሲዎቹ አዲስ ቁልፍ ማበጀት አለባቸው። ከቀደሙት ባልደረቦቹ ሮዝ በ2006 በሌላ ዓለም ተዘጋባት፤ በ2008 ተመለሰች። ዶና በ2008 ትዝታዋ ተፋቀ፤ ካስታወሰች ትሞታለች ተባለ፤ በ2023 አስታውሳ በሕይወት ቀረች። እነዚያ ቁልፎች በንድፈ ሐሳብ ከኤሚና ከሮሪ ቁልፍ የጠነከሩ ነበሩ። በ2013 ዶክተሩ፣ በሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ እንደሚያደርገው፣ መልኩን ሊለውጥ ሲል ኤሚ የታየችው በሕልም መሳይ ራእይ ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ደካማ የሚመስለው ቁልፍ ሳይከፈት የቆየው ከኋላው ያለው ኑሮ ሙሉ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ሮዝና ዶና የተነጠቁ ነበሩ፤ ኤሚ ግን መርጣ ነው የሄደችው፤ ዕድሜ ጠግባ ከባሏ አጠገብ ተቀበረች። ይህን በር መክፈት ምርጫዋን ከንቱ ያደርገዋል።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ ከአንዱ ክፍል የተወሰደን ሕግ በሌላው ላይ እንደ አንቀጽ አትጥቀሱ። በ1964 የመጀመሪያው ዶክተር ከታሪክ አንዲት መስመር እንኳ ሊለወጥ አይችልም ብሎ በአዝቴኮች ምድር ይከራከራል፤ በ1965 ደግሞ ሌላ የጊዜ ተጓዥ የ1066ን ጦርነት ሊለውጥ ሲል ያው ዶክተር ሊሳካለት ይችላል ብሎ በመስጋት ያስቆመዋል። በ2005 ሮዝ አባቷን ከመኪና አደጋ ስታድን ክንፋም ፍጡራን የጊዜን ቁስል ሊበሉ መጡ፤ በሌሎች ብዙ ክፍሎች የባሰ ነገር ተደርጎ አልመጡም። ከ1963 ጀምሮ በብዙ እጆች የተጻፈ ሥራ አንድ ሕገ መንግሥት ሊኖረው አይችልም፤ ቢቢሲም ይህ ቀኖና ነው፣ ያ አይደለም ብሎ አልደነገገም። ሁለተኛው፣ አድናቂዎች ያዋቀሩትን ንድፈ ሐሳብ ደጋግሞ ከመስማት ብዛት በቴሌቪዥን የተነገረ መስሎን የምንጠቅስበት ጊዜ ብዙ ነው። ከመጥቀስዎ በፊት ክፍሉን መልሰው ይክፈቱ።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ዶክተሩ ኤሚንና ሮሪን ወደ 2012 ሊመልሳቸው አይችልም በሚለው ወንድምዎ ያሸንፋሉ፤ ምክንያታቸውን ግን «ቋሚ ነጥብ» ከማለት «ስላነበበው» ወደሚለው ያርሙ። ክፍሉ ብቻውን ሊያያቸው የማይችልበትን ምክንያት አላሟላም በሚለው እርስዎ ያሸንፋሉ፤ «ሊያያቸው ይችል ነበር» እስከሚለው ድረስ ግን አይሂዱ፤ የአያዎው ቁስል በአንድ ጥድፊያ ዓረፍተ ነገርም ቢሆን ተነግሯልና። ሁለታችሁም በአንድ ምሽት አስቀድማችሁ «ብሊንክ»ን፣ ከእርሱ አስከትላችሁ «ዘ ኤንጅልስ ቴክ ማንሃተን»ን ተመልከቱ፤ ቢሊ በአልጋው ላይ ሆኖ ስለ ዝናቡ ለሳሊ ሲናገር አቁማችሁ ሮሪን አስቡ፤ የሪቨር አንጓ ሲሰበርም አቁማችሁ በክፍሉ መጨረሻ የሚመጣውን ድንጋይ አስቡ።